ፍሬን የሌለው ፈረስ

ሰዎቹ የሚቆረጥሙት የሱፍ አበባ ፍሬ ነው። አከራዬ ከቤት ስንወጣ አንድ ከረጢት ሙሉ ኪሳቸው ሲከቱ አይቼ «ለእርግብ ይሆናል» ብዬ ዝም ብዬ ነበር። ስታዲየሙ ውስጥ ስንቀመጥ ግን ግራ ቀኙ፣ ፊት ኋላው፣ አያት ከነልጅ ልጁ ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል፤ ገለባው እግራችን ሥር ይከመራል። ለእኔ እንደ መና ነው የወረደልኝ። ጾመ ሐዋርያት ገብቷል፤ ቋሊማው በየጥጉ ይጠበሳል፤ ሽታው ነፍስ ያስታል። «አልበላም» ስል አከራዬ የታመምኩ መስሏቸው ግንባሬን ሊዳብሱ ምንም አልቀራቸው። ጾም ላይ መሆኔን ሳስረዳቸው «በሰኔ?» አሉ፤ ፋሲካ ካለፈ ወዲያ የምን ጾም ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ ከረጢቷን ወደ እኔ ገፋ አደረጓት። እየቆረጠምኩ ዙሪያዬን ሳይ አገሬ ያለሁ መሰለኝ። ሰው ሲሰበሰብ መንጋጋው ሥራ ካልያዘ ቀልቡ አይረጋም፤ እኛ ዘንድ ቆሎ፣ እዚህ የሱፍ አበባ።

የመጣሁት ስለ ስንዴ ዘር ልማር ነው። ከደብረ ኤልያስ ተነስቼ ፖላንድ፣ ፖዝናን የምትባል ትልቅ ከተማ፣ ለሦስት ወር። ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እዚህ አገር ወንድን ሲያከብሩ «ፓን» ነው የሚሉት፤ እንደኛ «አቶ» መሆኑ ነው። እኔ ግን በሆዴ «ጋሼ» ነው የምላቸው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው በአቶ ብቻ ሲታለፍ አንጀቴ እሺ አይለኝም። ጋሼ ተወልደው ያደጉት ሌሽኖ ነው። ሌሽኖ ከፖዝናን ወደ ደቡብ የምትገኝ፣ ስልሳ ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት፣ ከደብረ ማርቆስ የማትበልጥ ከተማ ናት። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ እንግሊዝኛ የምትችለውን የልጅ ልጃቸውን አስተርጓሚ አድርገው፣ «ነገ ሌሽኖ ሄደን ዡዤል ታያለህ» አሉኝ።

ዡዤል ሲሉኝ መጀመሪያ የዝንብ ድምፅ መስሎኝ ነበር። የድንጋይ ከሰል ተቃጥሎ ምድጃ ውስጥ የሚቀረው ጥቁር ፍርፋሪ ነው ለካ። ዱሮ የእሽቅድምድሙን መሬት በዚያ ነበር የሚያለብሱት፤ የመሬቱ ስም ለጨዋታው ተረፈ። ዛሬ የሚነሰንሱት የተፈጨ ድንጋይ ቢሆንም ስሙን የሚነካው የለም። የቀረው ዓለም እንደ እንግሊዞቹ «ስፒድዌይ» ይለዋል።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አራት ሰው በአራት ሞተር ሳይክል ገመድ ፊት ይሰለፋል። ገመዱ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ሲነሣ ይፈተለካሉ። የእንቁላል ቅርጽ ባለው ትራክ አራት ጊዜ ይዞራሉ፤ ሁልጊዜም ወደ ግራ። አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፤ አፍንጫህን ለመናፈጥ ዞር ካልክ ያለቀ ነው። አንደኛ የወጣ 3 ነጥብ፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1፣ መጨረሻው ባዶ። በሊጉ ግጥሚያ እንዲህ ያለው ሩጫ 15 ጊዜ ይደጋገማል፤ በእያንዳንዱ ሩጫ ከየቡድኑ ሁለት ሁለት ሰው ይገባል። ጋሼ እርሳስና የታተመ ወረቀት ይዘው ውጤቱን በየሣጥኑ ይሞላሉ። እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ሽማግሌው ሁሉ ይጽፋል። ሰሌዳው ላይ በመብራት ተጽፎ እየታየ ለምን እንደሚደክሙ ብጠይቃቸው፣ እንደ ልጅ አዩኝና መልስ አልሰጡኝም። የኛ ሰው የዕቁብ ብር በስልክ እየተላከም መዝገቡን በእጁ ካልጻፈ ይተኛል?

አሁን ወደ ሞተሩ ልውሰዳችሁ፤ እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው።

ሞተሩ 500 ሲሲ ነው፤ ከ77 ኪሎ እንዲያንስ አይፈቀድም፤ አንድ የጤፍ ኩንታል እንኳ አይሞላም። ማርሹ አንድ ብቻ ነው። ፍሬን የለውም። ልድገመው፣ ፍሬን የለውም። እኛ አገርም ፍሬን የሌለው ሞተር ሞልቷል፤ እኛ ዘንድ ተበላሽቶ ነው እንጂ። እነዚህ ሰዎች ሲሠሩትም ያለ ፍሬን ነው፤ ፍሬን የገጠመ ሰው መወዳደር አይችልም። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር አልፎ ይሄዳል፤ ከዚያ ኩርባው ይመጣል። ታዲያ በምን ያቆሙታል? አያቆሙትም። የኋላውን ጎማ አዳልጠው ወደ ጎን ይጥሉታል፤ ወደ ግራ ለመዞር መሪውን ወደ ቀኝ ያዞራሉ፤ ከብረት የተሠራ ጫማ ያጠለቀ ግራ እግራቸውን መሬት ላይ እየጎተቱ፣ እጃቸው ነዳጁን ሳይቀንስ፣ ኩርባውን ተንሸራተው ያልፉታል። የኋላው ጎማ መሬቱን እንደ ማረሻ ገልብጦ አጥር ጥግ የቆመው ተመልካች ላይ ይደፋዋል። ሕዝቡ ይጮኻል፤ ተናዶ እንዳይመስላችሁ፣ ደስ ብሎት ነው። እኔም ጥርሴ ውስጥ የገባውን አሸዋ ከሱፍ አበባው ጋር አብሬ ቆረጠምኩ።

ነዳጁስ? ቤንዚን እንዳይመስላችሁ። ሜታኖል ነው፤ የአልኮል ዘር ነው፣ ሰው ከቀመሰው ዓይን የሚያጠፋ፣ ነፍስም የሚያወጣ። ማታ ለእናቴ ስልክ ደውዬ «ሞተሩ አረቄ ይጠጣል» ብላት ሳቋን ለቀቀችው። «ፍሬንም የለው» ስላት ግን ሳቁ ተቋረጠ።

«ምን አልከኝ?»

«ፍሬን የለውም እማዬ።»

«እና ልጆቹ ወላጅ የላቸውም?»

«አላቸው። አጠገቤ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ።»

ዝም አለች። ቀጥላ «ኤልያስ ይጠብቃቸው» አለች፤ ይህ ከእሷ አፍ ሲወጣ ጸሎትም ተግሣጽም ነው። ነገሩን ሳስበው ጥሩ ጠባቂ ነው የመረጠችላቸው። የደብራችን ነቢይ በእሳት ፈረሶች በሚሳብ የእሳት ሰረገላ ነው ወደ ሰማይ የወጣው፤ እሱም ፍሬን ነበረው የሚል የትም አላነበብኩም። የሜታኖል እሳት ደግሞ ሲነድ በቀን ብርሃን ነበልባሉ አይታይም ይባላል።

እናቴ «ልጆቹ» ማለቷ አልተሳሳተችም። ሁለተኛው ሩጫ ሊጀመር ሲል ጋሼ ክንዴን ጨበጡኝ። «አሁን ተመልከት» አሉ በልጅቷ አፍ፣ «አሁን የሚወጡት ዩኒዮሮቹ ናቸው።» ዩኒዮር ማለት ታዳጊ ነው፤ ዕድሜው ከ21 ያላለፈ። አራቱ ሲሰለፉ የአንዱ ጉንጭ ገና ጢም አላወቀም። አገራችን ቢሆን ዘንድሮ ለጥምቀት ታቦት ሊያጅብ ነጭ ይለብስ ይሆናል እንጂ ማንም በቁም ነገር አያየውም። እዚህ ዐሥር ሺህ ሰው ትንፋሹን ውጦ ያየዋል።

ደንቡ እንዲህ ይላል፦ እያንዳንዱ የሊግ ቡድን ሁለት ታዳጊ ማሰለፍ አለበት፤ የግጥሚያው ሁለተኛ ሩጫ ደግሞ የታዳጊዎች ብቻ ነው። የዓለም ሻምፒዮን ቢኖርህ እዚያ ሩጫ ውስጥ አታስገባውም። ልጁ ያመጣው 3 ነጥብ ሻምፒዮኑ ካመጣው 3 ነጥብ እኩል ይቆጠራል። ስለዚህ ልጅ ያላሳደገ ክለብ፣ ገና በሁለተኛው ሩጫ ተሸንፎ ይጀምራል ማለት ነው። በዚህም አልበቃቸውም፤ ከ24 ዓመት በታች ላለ ጋላቢ ሌላ ቦታ ተለይቶ ተቀምጧል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮም በዚያ ዕድሜ ላሉት የራሳቸው ሊግ አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። እኛ ወጣት እንወዳለን። ስብሰባ ላይ «ወጣቱ የነገ አገር ተረካቢ» ሳንል ውለን አናድርም። ግን የትኛው ስብሰባ ላይ ነው ሁለተኛው ተናጋሪ የግድ ወጣት እንዲሆን የተደነገገው? ፖላንዶቹ ልጆቻቸውን ከኛ አስበልጠው ይወዳሉ ብዬ አላምንም። ማንም ሊነጥቃቸው የማይችል ወንበር ግን አስቀምጠውላቸዋል። የክለቡ ባለቤት ልጅ ይጥላ፣ ይውደድ፣ ከወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ልጅ መፈለግ ግዴታው ነው፤ ሲፈልግ ደግሞ ማስተማር ሊኖርበት ነው።

ማስተማሩን ማየት ፈለግሁ። ጋሼ ነገር አይረሱም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ፣ ከከተማ ወጣ ካለች አንዲት ትንሽ ትራክ ወሰዱኝ። «ሚኒ ዡዤል» ይሏታል። ልጆቹ ዐሥር ዓመት የሞላቸውም ያልሞላቸውም አሉ። የሚነዱት ሞተር 80 ወይም 125 ሲሲ ነው፤ ከዚያ 250፣ ከዚያ 500። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን ከ11 እስከ 13 ዓመት ላሉ ልጆች በ190 ሲሲ ሞተር የዓለም ውድድር ያዘጋጃል። ዐሥራ አንድ ዓመት! እኔ በዚያ ዕድሜዬ ትልቁ ሥልጣኔ በቅሎ ውኃ ማጠጣት ነበር፤ እሱንም ስትጥለኝ ነው የተሻርኩት።

አሠልጣኙ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ፣ አንድ ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው ነው፤ ራሱም ጋላቢ የነበረ። መጀመሪያ የሚያስተምረው ምን ይመስላችኋል? ነዳጅ አሰጣጥ? አይደለም። አወዳደቅ ነው። ልጁ ሞተሩን ለቅቆ እንዴት እንደሚንከባለል፣ እጁን እንዴት እንደሚሰበስብ፣ ከወደቀ በኋላ ወደየት እንደሚሸሽ። ቀኝ እጁ አንጓ ላይ ገመድ ይታሰርለታል፤ ሲወድቅ ገመዱ ይነቀልና ሞተሩ ይጠፋል። ትልልቆቹ ትራኮች ኩርባ ላይ ያለው አጥር በአየር የተነፋ ነው፤ እንደ ፍራሽ ይቀበላል። ይህ ሁሉ የሚነግረን አንድ ነገር ነው፦ መውደቅህ አይቀርም፣ እንግዲህ በሥርዓት ውደቅ።

አንዱ ልጅ ኩርባ ላይ ወደቀ። ሞተሩ ወዲያ፣ እሱ ወዲህ። እኔ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ፤ «ወይኔ!» ማለቴን ያወቅሁት ሁሉም ዞሮ ሲያየኝ ነው። እናቱ አጥሩ ጋ ቆማለች፤ ቴርሞሷን እንኳ አላስቀመጠችም። ልጁ ተነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ሞተሩን እየገፋ ወጣ። አሠልጣኙ አልጮኸበትም፣ አላባበለውምም። ጎንበስ ብሎ በጣቱ መሬት ላይ መስመር ሣለለት፤ የት ቦታ መሪውን እንዳዘገየ አሳየው። ሌሎቹ ልጆች ከበው ይሰማሉ። ያኔ ነው የት እንዳየሁት ትዝ ያለኝ።

ደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት።

የደብራችን የቅኔ ጉባኤ የታወቀ ነው፤ ሀዲስ ዓለማየሁም ልጅ ሳሉ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እኔ ቅኔ ቤት አልዘለቅሁም፤ ስንዴ ይሻለኛል ብዬ ወደ አስኳላው ሄድኩ። ነገር ግን ጎረቤት ስለነበርን ተማሪዎቹን እያየሁ ነው ያደግሁት። ጀማሪው ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ሁለት ቤት ናት። ቀጥሎ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለ እስከ መወድስ፣ ስምንት ቤት። ከ80 ሲሲ እስከ 500 ሲሲ እንደማለት ነው፤ ማንም ዘልሎ መወድስ ላይ አይወጣም። ተማሪው ለብቻው ከጥድ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ ጓደኞቹ ሁሉ እየሰሙ። ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ እዚያው ይወድቃል። መምህሩም የወደቀበትን ቦታ ያሳዩታል፤ ሌላውም ከእሱ አወዳደቅ ይማራል። ነገ ደግሞ ይቆጥራል። ደበሎ ለብሶ ሜዳ ላይ የሚንጎራደደውን ያን ሁሉ ልጅ ያበላ የነበረው ማን ነው? መንደሩ ነዋ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ እንጀራ ያልሰጠች እናት ነገ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ምን ይሏታል? እዚያም ወንበሩ ግዴታ ነበር፤ ደንቡን የጻፈው ሊግ ሳይሆን ይሉኝታ ነው እንጂ።

ይህን ለጋሼ ለመንገር ሞከርኩ። ልጅቷ «ሰምና ወርቅ» የሚለውን መተርጎም አቅቷት ሦስታችንም ተሳሳቅንና ተወነው።

የፖላንድ ልጅ ከሚኒ ዡዤል ተነሥቶ ትልቁ ሞተር ላይ ለመውጣት ፈተና አለበት። በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ብቻውን ዙሩን መጨረስ፣ ከዚያም ከሌሎች ጋር ተሰልፎ ሳይደናበር መጋለብ። ሲያልፍ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ዐሥራ ስድስት ሲሞላው በትልቁ ሊግ ይሰለፋል። የመጀመሪያ ግጥሚያው ላይ ደግሞ «ፓሶቫኒየ» የሚሉት ሥርዓት አለ። ቃሉ ከዱሮ ባላባቶቻቸው ዘመን የመጣ ነው፤ ወጣቱ በሰይፍ ተነክቶ ፈረሰኛ ሲባል ማለት ነው። እዚህ ግን ሰይፉ ቀርቶ ቀበቶ ሆኗል፤ ልጁ ሞተሩ ላይ ይደፋና ታላላቆቹ በተራ መቀመጫውን ያቀምሱታል። ተመልካቹ ይስቃል፤ ልጁም ይስቃል፤ ትንሽ ይቆማል ግን። ፈረሰኛ ሲሉ ሰምቼ ጆሮዬ ቆመ። እኔም ነጂ ልበላቸው ወይስ አሽከርካሪ እያልኩ ስቸገር ሰንብቼ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ጋላቢ ብያቸው ዐረፍኩ።

ወጪውን የሚሸፍነው ብዙ ጊዜ ክለቡ ነው፤ ሞተር፣ ልብስ፣ መካኒክ። እንግሊዝ ግን እንዲህ አይደለም። ጨዋታው አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1923 ዌስት ሜይትላንድ በተባለ ቦታ ከታየ በኋላ በ1928 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ እንግሊዞችም ለብዙ ዘመን ቤቱ እኛ ጋ ነው ሲሉ ኖሩ። ዛሬ እዚያ ብዙ ትራክ ተዘግቷል፤ የልጁን ሞተር የሚገዛውም፣ ቅዳሜና እሑድ በቫን ጭኖት የሚዞረውም አባት ነው። አባት ብር ካጣ ልጁ ቀረ። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ጡረታ ለወጣ ጠላቱ እንደሚያዝን ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እንዲህም ሆኖ ፍሬው ቶሎ አልታየም። ፖላንድ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ዬዢ ሽቻኪየል በገዛ አገሩ፣ ሆዡፍ ላይ አሸንፎ። ሁለተኛውን ለማየት 37 ዓመት ጠበቁ፤ ቶማሽ ጎሎብ፣ በ2010። ሦስተኛው ባርቶሽ ዝማርዝሊክ ነው፤ ጎዡፍ በተባለች ከተማ ክለብ ያደገ። በ17 ዓመቱ፣ በ2012፣ እዚያው በከተማው በተካሄደ የግራንድ ፕሪ ውድድር ተጋብዞ ከዓለም ታላላቆች ጋር ተሰልፎ ሦስተኛ ወጣ። በ2019 የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ወሰደ፤ በ2025 ስድስተኛውን። ሌሽኖም አፍርታለች፤ ባርቶሽ ስሜክታዋ በ2018 ከ21 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ሮማን ያንኮቭስኪ የሚባል የቀድሞ የክለቡ ጋላቢ ልጆቹን ለብዙ ዓመት ሲያሠለጥን ኖሯል፤ ስሙ ሲነሣ ጋሼ ባርኔጣቸውን ነካ ያደርጋሉ። የክለቡ ምልክት ደግሞ በሬ ነው! ደጋፊው «በሬዎቹ» እያለ ሲጮኽ እኔ የአባቴን ጥማድ አስባለሁ፤ ይኸኔ እርሻ ላይ ናቸው።

ይህን ሁሉ ደስ እያለኝ ብነግራችሁም አንድ ነገር አንጀቴ ላይ ተቀምጧል። ስታዲየሙ የተሰየመው በአልፍሬድ ስሞቺክ ነው። የሌሽኖ ጀግና ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ገና 22 ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ትራክ ላይ አይደለም፤ ተራ መንገድ ላይ በሞተር ሲሄድ። ጎሎብም ያን ሁሉ ዘመን ትራክ ላይ ተርፎ፣ በ2017 ሞቶክሮስ በሚሉት የጭቃና የጉብታ ግልቢያ ሲለማመድ ወድቆ ሽባ ሆነ። ትራኩም ግን ንጹሕ አይደለም። ክሪስቲያን ሬምፓዋ የሚባል ታዳጊ፣ አባቱም ጋላቢ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 ሪብኒክ ላይ ወድቆ ከቀናት በኋላ ዐረፈ። 18 ዓመቱ ነበር። ያ ማንም የማይነጥቀው ወንበር፣ ፍሬን በሌለው ነገር ላይ የተቀመጠ ወንበር ነው። ጋሼን «ወንድ የልጅ ልጅዎ ልጋልብ ቢልዎትስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የሱፍ አበባውን መቆርጠም አቆሙ። «አያቱ ብሆንም» አሉ ቆይተው፣ «እናቱን ጠይቃት እለዋለሁ።» ብልጥ ሽማግሌ!

ለነገሩ እኛስ? አገር ቤት አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ሞተር ላይ ለመውጣት ማንን ያስፈቅዳል? ፊት ለፊት አንድ ሰው፣ ኋላ ሁለት ሰው፣ መሐል አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ጭኖ፣ ራሱ ላይ ጋቢ ጠምጥሞ፣ በክረምት ጭቃ ከደብረ ማርቆስ ይመጣል። አወዳደቅ ያስተማረው የለም፤ ጭቃው ራሱ ያስተምረዋል። እነዚህ ሰዎች ለአንድ ደቂቃ ግልቢያ ሐኪም፣ አምቡላንስ፣ የአየር አጥር፣ ዳኛ አቁመው «አደገኛ ስፖርት» ይሉታል። እኛ ያለ ሄልሜት አርባ ኪሎ ሜትር ነድተን «ገበያ ደርሼ መጣሁ» እንላለን።

እንዲያም ሆኖ ግልቢያ አገራችን ነው። ይህን ለማስረዳት ስል ነው የመጨረሻው ማክሰኞ እንደገና ወደዚያች ትንሽ ትራክ የሄድኩት። በዚያ ሰዓት ትራክተሩ መሬቱን እያስተካከለ ነበር። በነገራችን ላይ ይህ ትራክተር ገርሞኛል፤ በየጥቂት ሩጫው ብቅ ይልና ክቡን ያርሰዋል፣ ይደመድመዋል፤ ውኃ ጫኝ መኪና ተከትሎት ያጠጣዋል። ምንም አይዘሩበትም። ውኃውን በቦቴ አምጥተው ካርከፈከፉ በኋላ ደግሞ ሰማዩ ሲጠቁር «ዝናብ መጣ፣ ጨዋታው ሊቀር ነው» ብለው ይርበተበታሉ። የኛ ገበሬ ይህን ቢያይ እብደት ነው ይላል።

ያ ወድቆ የተነሣው ልጅ አጥሩ ላይ ተቀምጦ ፖም ይበላል። ልጅቷ ከየት እንደመጣሁ ነገረችው። ኢትዮጵያን ያውቃታል፤ «ሯጮች» አለ። ልክ ነህ፣ ግን ፈረሰኞችም አሉን አልኩት። ስልኬን አውጥቼ ከደብረ ኤልያስ ሰሜን ምዕራብ፣ እንጅባራ ላይ፣ በየዓመቱ ጥር 23 የሚደረገውን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ፎቶ አሳየሁት። ማኅበሩ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ያስባል፤ ሜዳው በጌጠኛ ፈረስ ይሞላል፤ ትንንሽ ልጆች በባዶ እግራቸው ርካብ ረግጠው ከአባቶቻቸው ኋላ ይጋልባሉ። ቀድሞ መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደነበር ጨመርኩለት፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው። ይህን ወደደው። የራሱን ሞተር ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠየቅኩት፤ ተሽኮርምሞ ነገረኝ፤ ምስጢር ነው ስላለ አልጽፈውም።

ከዚያ ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሰፋና ወደ አንዱ ፈረስ ራስ ጠጋ አለ። አፉ ላይ ያለውን ነገር እያሳየ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ልጅቷ ሳቀች፣ ተረጎመችልኝ።

«ይህ ምንድን ነው? ፍሬን ነው?»

ልጓም ነው አልኩት። ስትፈልግ ፈረሱን የምታቆምበት።

ልጁ ስልኩን መለሰልኝ። ቅር እንዳለው ፊቱ ያስታውቃል። ፖሙን ጨረሰ፣ ሄልሜቱን አጠለቀ፣ ገመዱን አንጓው ላይ አሰረና ወደ ትራኩ ሄደ።